ጉዳት የማን ኪሳራ ነው? የሆኪ ተጫዋች ውል ከሱሉልታ ሲታይ

የሯጭም ሆነ የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር መሆኑን የማያውቅ የለም። ወሬው በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው ምክርም ያው ነው፦ ስታገኝ ቆጥብ፣ መሬት ግዛ፣ ቤት ሥራ። ምክሩ ላገኘ ሰው ነው። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ሰበታ ውስጥ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ወጣት ሯጮች አብዛኞቹ ግን ገና ምንም አላገኙም፤ ሳያገኙ ወደመጡበት የሚመለሱትም ብዙ ናቸው። የእነሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ባይሳካስ? ቁርጭምጭሚት ቢያብጥ፣ ቪዛ ቢከለከል፣ ማናጀሩ ስልክ ማንሳት ቢያቆም ኪሳራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

ዛሬ ያለው መልስ አጭር ነው፤ በልጁና በቤተሰቡ ላይ። ይህ ግን ከስፖርት ተፈጥሮ የመጣ አይደለም። ለማሳየት ያህል ከእኛ እጅግ የራቀ ሙያ መርጫለሁ፤ የሰሜን አሜሪካውን የበረዶ ላይ ሆኪ። ሱሉልታ ላይ በረዶ ብንል በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው አመዳይ ነው። ሆኖም የሆኪ ተጫዋቾች በዚህ የኪሳራ ጥያቄ ላይ ከክለብ ባለቤቶች ጋር ሰባ ዓመት ያህል ተሟግተዋል፤ ያገኙት መልስም በውላቸው ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል። መራቁም ይጠቅመናል። የምንደግፈው ክለብም ሆነ የምንሳሳለት ጀግና ስለሌለን ውሉን እንደ ውል ማንበብ እንችላለን።

ጨዋታውን ላላየ ሰው፣ ገናን ያስብ። ሩሯ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ጎማ ትሁን፣ ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር የሆነ በረዶ፣ ተጫዋቹም ስለት ባለው ጫማ የሚንሸራተት። ፍጥነቱ ከባድ ስለሆነ አንድ ተጫዋች ከሜዳ ሳይወጣ የሚቆየው 45 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ተቀይሮ ይተነፍሳል፣ መልሶ ይገባል። ከተጋጣሚ ጋር በትከሻ መላተም ሕጉ የሚፈቅደው የጨዋታው አካል ነው። በትልቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025–26 ድረስ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ይጫወት ነበር። ጉዳት አይቀሬ ነው ማለት ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ልጅ በ16 ዓመቱ ከቤት ሲወጣ ነው። በካናዳ ታላላቅ የጁኒየር ሊጎች ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ርቀው ይጫወታሉ፤ የሚያድሩት ክለቡ ባገናኛቸው ቤተሰብ ቤት ነው፤ ለምግቡም ክለቡ ለዚያ ቤተሰብ ድጎማ ይሰጣል። ሌላም ነገር አለ። ልጁ በሊጉ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ክፍያ ይቀመጥለታል። በ20 ዓመቱ «አልሆነም» ተብሎ ቢሰናበት ባዶ እጁን አይወጣም፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል።

የእኛም ልጅ ከአርሲ፣ ከጎጃም ወይም ከሰሜን ሸዋ የሚነሳው በዚያው ዕድሜ ነው። ሱሉልታ ሲደርስ ግን የሚቀበለው ቤተሰብ የለም፤ የሚቀበለው ቀድሞት የመጣ ያገሩ ልጅ ነው። ክፍሉን ላየው፣ ሁለት ፍራሽ ለአራት ሰው፣ በረንዳው ላይ ከጭቃ ታጥቦ የተሰቀለ ጫማ፣ ጥግ ላይ ከቤተሰብ የተላከ የበሶ ዱቄት። የቤት ኪራዩን ወር በገባ ቁጥር ያዋጣሉ፤ አንዱ ሲያጥረው ሌሎቹ ይሸፍናሉ። ትምህርቱ ከስምንተኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል ተቋርጧል። ጠዋት በኮሮኮንች ላይ ይሮጣል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ቀለል ያለ ሩጫ አለው። የሚጠብቀው አንድ ጥሩ ሰዓት ነው፤ በታላቁ ሩጫም ይሁን በጃን ሜዳ፣ አንድ ማናጀር ዓይን ውስጥ የሚያስገባው ውጤት። በዚህ ስሌት ውስጥ ደባሎቹ፣ እናት አባቱ፣ አልፎ አልፎም ሱቅ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ሁሉም ባለአክሲዮን ናቸው፤ ለአንዳቸውም ግን የተጻፈ ወረቀት የለም።

የሆኪው ልጅ 18 ሲሞላው ድራፍት ይመጣል። 32 ክለቦች በሰባት ዙር እየተፈራረቁ በዓመት 224 ልጆች ይመርጣሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በትልቁ ሊግ ረጅም ዕድሜ አይኖራቸውም፤ ይህን ክለቡም ልጁም ያውቃል። ለዚህ ነው ከታች ደረጃዎቹ የተሠሩት። የመጀመሪያው ውል በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ሦስት ዓመት ነው፤ ክፍያው ጣሪያ አለው። ገና ያልበሰለው ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ኤኤችኤል፣ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ውሉ ሁለት ደመወዝ የተጻፈበት ነው፤ አንዱ ላይ ሲጫወት፣ አንዱ ታች ሲጫወት። የታችኛው በጣም ያነሰ ነው፤ ደመወዝ መሆኑ ግን አልቀረም። ድራፍት ላይ ማንም ያልመረጠው ማርቲን ሴን ሉዊ የወጣው በዚህ መሰላል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የሊጉ ኮከብ ተብሎ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ።

ታምራት ቶላን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ ገባና በ2:06:26 ወርቅ ወሰደ። ታሪኩን ሁላችንም እንደ ተአምር አውርተነዋል። ታምራት ግን ያኔ የዓለም ሻምፒዮንም የኒውዮርክ አሸናፊም የነበረ፣ መጠበቅ የሚያስችል አቅም ያለው ሰው ነው። ሆኪ ውስጥ ተጠባባቂነት ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ነው፤ ሱሉልታ ውስጥ ተጠባባቂ የሚሆነው በራሱ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ጉዳት። በኤንኤችኤል ውል ውስጥ ተጫዋች በጨዋታ ወይም በልምምድ ከተጎዳ ደመወዙ አይቋረጥም። ክለቡ ውሉን ገዝቶ ሊያሰናብተው ቢፈልግ እንኳ ጉዳት ላይ እያለ አይችልም፤ ጤነኛ ሆኖ ሲሰናበትም 26 ዓመት የሞላው ከሆነ ከቀረው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ሦስተኛውን ይቀበላል። ዝቅተኛው የሊጉ ደመወዝ በ2025–26 የውድድር ዘመን 775 ሺህ ዶላር ነበር። የሚያስቀናው የዶላሩ ብዛት ይመስለን ይሆናል፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን «ጉዳት ላይ እያለ አይሰናበትም» የሚለው አንቀጽ ነው። ያ አንቀጽ በብርም ይጻፋል።

የእኛ የጎዳና ሯጭ ገቢ የሚመጣው ከሽልማት፣ ከመነሻ ክፍያና ዕድለኛ ከሆነ ከጫማ ኩባንያ ነው። ሽልማቱን እንቁጠር። አሜሪካ ውስጥ 10 ሺህ ዶላር ያሸነፈ ሯጭ ላይ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ግብር እዚያው ይቀራል፤ 3 ሺህ ሄደ። የማናጀር የተለመደ ድርሻ 15 በመቶ ነው፤ 1,500 ሄደ። 5,500 ቀረ። ቲኬትና ቪዛ ማናጀሩ ቀድሞ ከፍሎለት ከሆነ ይታሰብበታል፤ አሰልጣኝና አሯሯጭም አሉ። ገንዘቡ የሚለቀቀው የዶፒንግ ምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ ስለሆነ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከተጎዳ ደግሞ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው። ብዙ የጫማ ኩባንያ ውሎች ላይም አትሌቱ የተወሰነ ውድድር ካላደረገ ወይም ደረጃው ከወረደ ክፍያውን የሚቀንስ አንቀጽ ይገኛል። ይኸው አንቀጽ ነፍሰ ጡር ሴት ሯጮች ላይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ እነ አሊሲያ ሞንታኖና አሊሰን ፊሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ነው ናይኪ አሠራሩን የለወጠው።

ጉዳት ገቢን የሚያቋርጥ ከሆነ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ይደብቃል። ሱሉልታ ውስጥ ሕመሙን ለአሰልጣኙ የማይናገር ሯጭ ሞልቷል፤ ከቡድኑ እቀነሳለሁ ብሎ ይፈራል፣ መድኃኒት ቤት ሄዶ የሕመም ማስታገሻ ይገዛል፣ በማግሥቱ ያነክሳል። ሆኪም ያለ ዋስትና በነበረበት ዘመን እንዲሁ ነበር። በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ሲሰለፍ ቀኝ ዓይኑ ከሞላ ጎደል አያይም ነበር። ቀደም ብሎ ፑክ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ጎማ፣ መትታው ነው። ቢናገር እንደማያጫውቱት ስላወቀ ደበቀ፤ አንድ ዓይኑን ይዞ በትልቁ ሊግ 45 ጨዋታ አደረገ። ጀግንነቱን አደንቃለሁ፤ የሚያስደብቅ ውል ግን ጀግንነትን የሚያፈራ ሳይሆን ሰውን የሚያሰናክል ውል ነው።

የዛሬው የተጫዋቾች ውል ከባለቤቶች ደግነት የመጣ አይደለም። ለእኛ ጠቃሚው ክፍልም ይኸው ነው።

በ1950ዎቹ ሊጉ ስድስት ክለብ ብቻ ነበረው፤ ባለቤቶቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የዲትሮይቱ ቴድ ሊንዚ ከሞንትሪያሉ ዳግ ሃርቪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ተነሳ። ጥያቄያቸው ትልቅ አልነበረም፤ የጡረታ ሒሳባችንን አሳዩን የሚል ነበር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ የሆኪ ጌቶች ግን ተቆጡ። ሊንዚ በሕይወቱ ብዙ ነጥብ ባስመዘገበበት የውድድር ዘመን ማግሥት፣ ያኔ የሊጉ ጭራ ወደነበረው ወደ ቺካጎ ተሸጠ። ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ዘላቂው ማኅበር የተቋቋመው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

የሊንዚ የቡድን ጓደኛ ጎርዲ ሃው የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ነበር። በየዓመቱ ደመወዙን የሚወስንለት ክለቡ ነው፤ «ከሁሉ በላይ አንተን እንከፍላለን» ይሉታል፣ ያምናል፣ ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማ ቦብ ባውን የተባለ ተከላካይ ወደ ቡድኑ መጣና የራሱን ደመወዝ ነገረው። ከሃው እጅግ ይበልጥ ነበር። የሃያ ዓመት ንጉሥ ከአዲስ ገቢ ተከላካይ በታች ይከፈለው እንደነበር ያወቀው በአንድ ወዳጃዊ ወሬ ነው። ማኅበሩ በኋላ፣ በ1990 ገደማ፣ የሁሉንም ደመወዝ ይፋ ማድረግ ሲጀምር የተጫዋቾች ክፍያ በፍጥነት አደገ። ከዚያ በፊት አንድ ተጫዋች ለድርድር የሚገባው በጨለማ ነበር፤ ክለቡ የሁሉን ያውቃል፣ ተጫዋቹ የራሱን ብቻ።

ማኅበርም ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። የሆኪ ተጫዋቾች ማኅበርን ለብዙ ዓመታት የመራው ጠበቃ አለን ኢግልሰን እ.ኤ.አ. በ1998 በማጭበርበር ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ታስሯል። የጡረታውን ገንዘብ በተመለከተም ሃውን ጨምሮ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰው በ1992 የኦንታሪዮ ፍርድ ቤት ፈርዶላቸዋል፤ ሊንዚ ሒሳቡን አሳዩን ካለ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ የደመወዝ ጣሪያ መጣ። ይህ ወደ እኛ እግር ኳስ ይወስደናል። ኤንኤችኤል በጣሪያው ጉዳይ ከተጫዋቾች ጋር ስላልተስማማ እ.ኤ.አ. የ2004–05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። መጨረሻ ላይ ተጫዋቾቹ ጣሪያውን ተቀበሉ፤ በምላሹ ግን የሊጉ ገቢ ተቆጥሮ የታወቀ ድርሻ ተመደበላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 50 በመቶ ነው። ገቢው ሲያድግ ጣሪያው አብሮ ያድጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአንድ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በ2025–26 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ከጣሪያው ጋር ወለልም አለ፤ ክለብ ከዚያ በታች መክፈል አይችልም።

እኛ ጋር በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። የክለቦች ወጪ ከአቅም በላይ ሄዷል የሚለው ምክንያት እውነት ነበረው፤ አብዛኛው ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ወይም ከሕዝብ ድርጅት የሚመጣ ነው። ነገር ግን ጣሪያውን የተነጋገሩበት ከፋዮቹ ናቸው። ከፋይ ለብቻው የወሰነው ጣሪያ ወለል የለውም፣ ከገቢ ጋር የሚያስተሳስረው ገመድም የለውም። ከዚያ በኋላ የሰማነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጠረጴዛ በላይ 50 ሺህ፣ የቀረው ከጠረጴዛ በታች ይሰጣል የሚል ወሬ በየክለቡ ነበር። ወሬው እውነት በሆነበት ቦታ ሁሉ ተጎጂው ተጫዋቹ ነው፤ ክለቡ ደመወዝ ሲያቆም ይዞ የሚከራከርበት ወረቀት 50 ሺህ ብቻ ይላል። ግብሩም ጡረታውም የሚታሰበው በወረቀቱ ላይ ነው።

ሆኪን ገነት አድርጌ ማቅረቤ እንዳይመስል። ትጥቁና የበረዶ ሜዳው ኪራይ ውድ ስለሆነ የደሃ ልጅ በቀላሉ አይገባበትም፤ በዚህ የእኛ ሩጫ ይሻላል። በበረዶው ሜዳ ላይ ሥራው ተጋጣሚን በቡጢ መደብደብ የነበረው ዴሬክ ቡጋርድ እ.ኤ.አ. በ2011 በ28 ዓመቱ ሲሞት አንጎሉ በተደጋጋሚ ምት ተጎድቶ ተገኝቷል፤ ሊጉ ከቀድሞ ተጫዋቾች ጋር በጭንቅላት ጉዳት ክስ እ.ኤ.አ. በ2018 የታረቀው በ19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ለብዙዎቹ የደረሳቸው ትንሽ ነው። ዋስትና ያለው ውልም ከዘመድ አያድንም፤ ተከላካዩ ጃክ ጆንሰን ወላጆቹ በወደፊት ደመወዙ ላይ በከፍተኛ ወለድ ተበድረው እ.ኤ.አ. በ2014 ኪሳራ አውጇል። ይህን ለሱሉልታ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

   

ወደ ሕጋችን ስንመጣ ነገሩ ከሚታሰበው ይሻላል። በክለብ ደመወዝ የሚከፈለው ሯጭ ወይም ተጫዋች እንደ ሠራተኛ ከተቆጠረ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይሰጠዋል። ልምምድ ላይ የተቀደደ ጅማት የሥራ ላይ ጉዳት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በጡረታ በኩል በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ መውጫ ዕድሜውም 60 ነው። በ19 ጀምሮ በ31 የሚያቆም ተጫዋች አሥሩን ዓመት ሊሞላ የሚችለው በየክለቡ መዋጮው ሳይቋረጥ ከተመዘገበለት ብቻ ነው። በማናጀር ስር ብቻ የሚሮጠው ልጅ ደግሞ ከነዚህ ከሁሉም ውጭ ነው፤ አሠሪ የለውም።

ስለዚህ በክረምት ክለቦች ውል በሚያድሱበት ወቅት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከደመወዙ ቁጥር ይልቅ የጉዳት አንቀጹ ነው፤ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ ደመወዙ እስከ መቼ ይቀጥላል፣ ጉዳት ላይ እያለ ማሰናበት ይቻላል ወይ። ማናጀር ጋር የሚፈረመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈራሚው ሳያነበው ይፈርማል፣ ቅጂውም እጁ ላይ አይቀርም። ቅጂ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ግን የቦብ ባውን ሥራ ነው፤ ቁጥርን መነጋገር። ሱሉልታ ውስጥ ከልምምድ በኋላ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሯጮች ስለ ሰዓት፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ማናጀር ጠባይ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ስንት በመቶ እንደሚቆረጥባቸው ግን አይነጋገሩም። ምክንያታቸውን እረዳለሁ። ቁጥሩ ከወጣ ዘመድ ይሰለፋል፣ ሌባ ይሰማል፣ ማናጀሩም ይቀየማል። ሽልማቱን ማንም ከድረ ገጽ ያየዋል፤ የማይታየው የተቆረጠው ነው። እሱን ስም ሳይጠራ ሰብስቦ «በዚህ ዓመት ከማናጀር ጋር የፈረሙ ሰዎች ይህን ያህል ተቆረጠባቸው» ብሎ የሚያወጣ አካል ቢኖር ቀጣዩ የ17 ዓመት ልጅ ከመፈረሙ በፊት የሚያነጻጽርበት ነገር ያገኛል። የሯጮችም ሆነ የተጫዋቾች ማኅበራት ለዚህ የሚያስፈልጋቸው አንድ መዝገብና ሚስጥር የሚጠብቅ ጸሐፊ ነው።